ስለ ኦሞው ግመል ለልጆቻችን እንንገራቸው

ግመል ከየት መጣ ብላችሁ ሰው ጠይቁ። ብዙው «ከዓረብ አገር ነዋ» ይላችኋል። እኔም የማውቀው እንደዚያ ነበር። ስህተትም አይደለም። ዛሬ አፋር ላይ አሞሌ የሚጭነው፣ ሶማሌና ቦረና ላይ በወተቱ ቤተሰብ የሚያኖረው ግመል መጀመሪያ ከሰው ጋር የተላመደው በዓረብ ምድር ነው፤ የዛሬ 3 ሺህ ዓመት ገደማ።

ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ አገራችን ውስጥ ሌላ ግመል ነበር። ያውም ታችኛው ኦሞ።

ሹንጉራ የሚባለው ቦታ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ተነባብረው የቀሩበት ነው። ከ3 ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ዘመን እዚያ ተቀምጧል። የአመዱ ዕድሜ ይለካል። ስለዚህ በሁለት አመድ መካከል የተገኘ አጥንት ዘመኑ ይታወቃል። ከዚህ አካባቢ የተገኘ የግመል ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1969 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። የሹንጉራው ግመል ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ተብሎ ስም ያገኘው ግን በ2014 ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዴኒ ዤራድ «ካሜሉስ ግራታርዲ» አለው። በመካከሉ 45 ዓመት አለፈ።

በምሥራቅ አፍሪካ የጥንት ግመል አጥንት ብርቅ ነው። የአሳማና የጉማሬ እንደ ልብ ነው፤ የግመል ግን አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። የግመል ዘር መነሻው ሰሜን አሜሪካ መሆኑን ስታስቡ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። አላስካና እስያ በየብስ በተገናኙበት ዘመን ተሻገረ፤ ትውልድ በትውልድ እየተተካ ኦሞ ድረስ ዘለቀ። እዚያ በተነሣበት አገር ግን ጠፋ።

የኦሞው ግመል የዛሬዎቹ አያት ነው እያልኩ አይደለም። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ተማሪ ሳለሁ ስለ ድንቅነሽ ተነግሮኛል፤ ደስም ብሎኛል። አብረዋት ስለኖሩት እንስሳት ግን ማንም አንድ ቃል አልነገረኝም። «የሞተ እንስሳ ምን ይሠራልናል?» የሚል ይኖራል። ይሠራል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኬንያ ውስጥ የተገኘ አንድ ዝነኛ የጥንት ሰው የራስ ቅል 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል በተባለው አመድ ሥር ነበር። የአሳማ ጥርስ ከዘመን ዘመን ይለወጣል፤ ዘመናቸው የታወቀው የኦሞ አሳማዎች ጥርስ ከዚያ ቦታ አሳማዎች ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ አልገጥም አለ። ኋላ አመዱ እንደገና ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። የሰው ልጅ ታሪክ በአሳማ ጥርስ ታረመ ማለት ነው።

እና ጥያቄዬ ትንሽ ናት። መማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ለኦሞው ግመል አንድ ገጽ ስጡት። ሥዕል ይኑረው። በሶማሊኛና በአፋርኛም ይውጣ፤ ከግመል ኋላ እየሄደ የሚያድገው ልጅ ቀድሞ ያንብበው።