ጓዱን ከእናቱ ደጅ አታባርሩት

ሰሞኑን በአንድ መድረክ ላይ የተነገረ ነገር አንገብግቦኛል። ውይይቱ የወደቁ ወታደሮችን እንዴት እናስባቸው የሚል ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ የሟች የጦር ጓዶች ወደ ቤተሰቡ ባይመላለሱ ይሻላል አሉ። ቁስል ይቀሰቅሳሉ ነው ምክንያታቸው። ጡረታው አለ፣ ሐውልቱ አለ፣ በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ሐዘኑን ለባለሙያ እንተውለት አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

የትኛው ቁስል ነው የሚቀሰቀሰው? ልጇን ጦር ሜዳ ላይ ያጣች እናት፣ አንድ ሰው መጥቶ እስኪያስታውሳት ድረስ ረስታው ተቀምጣለች ብሎ የሚያምን ሰው ሐዘን የገባበት ቤት አያውቅም። ከዓመታት በኋላም በሩ ሲንኳኳ ልቧ ይዘላል። እሷ ፊት ስሙን አለማንሳት ለእሷ ማሰብ አይደለም። ራሳችን እንዳንጨነቅ ብለን የምናደርገው ነው።

ውስጧን የሚበላት ያልተነገራት ነገር ነው። የደረሳት ደብዳቤ ግዳጁን ሲወጣ መሰዋቱን ይናገራል። ማዕረግ አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። የእሷ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በልቶ ነበር? በርዶት ነበር? ማን ነበር አጠገቡ? ቆየ ወይስ ወዲያው ነው? ይህን የሚመልስላት ባለሙያ ከየት ይመጣል? መልሱ ያለው ምሽግ ውስጥ አብሮት ያደረው ሰው ጋ ነው። ቤተሰቡ የልጁን ልጅነት ያውቃል፤ ጓዱ የመጨረሻዎቹን ወራት ያውቃል። ሁለቱ ካልተገናኙ የዚያን ሰው ሕይወት ሙሉውን የሚያውቅ ማንም የለም።

አንድ የማውቀው የቀድሞ ወታደር የጓዱን ቤት ለዓመታት ሲሸሽ ኖሮ አንድ ቀን ሄደ። ስለ ውጊያ እጠየቃለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ያወራው ግን ስለ ጥበቃ ተራ ነው። ጓዱ ተራው አልቆ የሚተካውን ሰው መቀስቀስ ሲገባው፣ “ተወው ይተኛ፣ ደክሞታል” እያለ የሰው ተራ ጨምሮ ይቆም ነበር። እናትየው ይህን ስትሰማ ሳቀች። “እዚህም እንዲሁ ነበር፣ ታናሽየው ሌሊት እንዳይቀሰቀስብኝ እያለ እሱ ነበር የሚነሳው” አለች። ታናሽየው፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ወንድሙ ለእሱ ሲል ይነሳ እንደነበር ያወቀው ያን ቀን ነው። ይህንን ነው ቁስል መቀስቀስ የምትሉት?

የቃኘው ሻለቆችን አስቡ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን አጡ። አንድም ምርኮኛ ለጠላት አልሰጡም። የወደቁትም በባዕድ አፈር አልቀሩም፤ አፅማቸው ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ወታደር የጓዱን ሬሳ ጥሎ ላለመሄድ በጥይት መሃል ይመለሳል። ይህን ሲያደርግ ጀግና እንለዋለን፣ ሜዳሊያ እናንጠለጥልለታለን። ያው ሰው የጓዱን እናት ጥዬ አልሄድም ሲል ግን አርፈህ ተቀመጥ ይባላል። አስከሬኑን የመሸከም መብት ያለው ሰው ትዝታውን የመሸከም መብት እንዴት ያጣል? ማን ነው የሚከለክለው?

ጉብኝቱ ለቤተሰቡ ብቻም አይደለም። ከውጊያ የተረፈ ሰው “እኔ ለምን ተረፍኩ?” የሚል ጥያቄ ይዞ ይኖራል። ብዙዎቹ የሟችን እናት ፊት ማየት የሚፈሩት ለዚህ ነው። እሷ “እንኳን አንተ ተረፍክልኝ” ስትለው የሚወርድለትን ሸክም ምንም ዓይነት ሥነ ሥርዓት አያወርድለትም።

ነገሩ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1923 ሜልበርን ውስጥ ሌጋሲ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ሲጀመር ተመላሾቹ ራሳቸው የሚረዳዱበት ነበር። ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ ጓዶቻቸውን ሚስቶችና ልጆች ወደ መንከባከብ ዞሩ። መቶ ዓመት አልፎት አሁንም ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ቦኒ ካሮል ወታደር ባሏን በአውሮፕላን አደጋ ካጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ታፕስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። እዚያ አባት ወይም እናት የሞተበት ልጅ ድርጅቱ ለሐዘንተኛ ልጆች የሚያዘጋጀው ካምፕ ሲገባ አንድ ወታደር አጠገቡ ይመደብለታል። ባለሙያም አላቸው፣ ጓድም አላቸው። አንዱ ሌላውን አላባረረም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ሳያስፈቅዱ በር ማንኳኳት ልክ አይደለም። መስማት የማይፈልግ ቤተሰብ አለ፣ መናገር የማይችል ወታደርም አለ። መፍትሔው ግን መጠየቅ ነው። መመሪያ የምታወጡ ሰዎች፣ የጦር ክፍሉ ስም ዝርዝር በእጃችሁ ነው። መርዶው በተነገረ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው ደውሎ “ጓዶቹ ሊያዩዋችሁ ይፈልጋሉ፣ ይምጡ?” ቢል ምን ይጎድላል? ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ኮሚቴም አያስፈልግም።

ጡረታ መብት ነው፤ እሱን እንደ ውለታ እየቆጠሩ ሌላውን መከልከል ነውር ነው። ሐውልትም ይሠራ፣ እሰየው። ግን ሐውልት በልጁ ልደት ቀን አይደውልም፣ ልጅቷ ስትመረቅ ከአባቷ ወንድሞች ጋር ቆሞ አያጨበጭብም።

ጓዶቹም እያረጁ ነው። ከኮሪያ ዘማቾች በሕይወት ያሉት ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሳይጠየቁ የሞቱት ይዘውት የሄዱትን ታሪክ ማንም አይመልሰውም። ያንን አስተያየት መመሪያ አድርጋችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ቤተሰቦቹን ጠይቁ። ያን ቀን መድረኩ ላይ ከተቀመጡት መካከል ልጇን የቀበረች አንዲት እናት እንኳ አልነበረችም።