ፖርቹጋል ሆይ፣ ድልድይሽን ተረከቢ

ቸር ሕዝብ ነን። ሌላው አገር አያቱ የተወለትን ስንጥቅ ማሰሮ መስታወት ውስጥ ቆልፎ ዘበኛ ሲያቆምለት፣ እኛ ደህና የድንጋይ ድልድይ አንሥተን ለመንገደኛ እንሸልማለን። ደረሰኝ እንኳ አንጠይቅም።

ስጦታውን ለማየት ከአዲስ አበባ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ፣ ፍቼ ሳይደርሱ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደውን የቀኝ መታጠፊያ መያዝ ነው። ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደሉ ይጀምራል። የገደሉ ውኃ ዘጋ ወደም ወደሚባለው ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጉር ወንዝ ወደ ሸለቆው ከመወርወሩ በፊት ታዲያ ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ያገኛል። የማን ነው? አስጎብኚውም፣ ሾፌሩም፣ ፎቶ አንሺውም በአንድ አፍ ይመልሳሉ፦ «የፖርቹጋል!»

ድልድዩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ። መቀመጫቸው እዚያው አፍንጫ ሥር ፍቼ ነበር። ይህ ግን ለወሬ አይመችም። የጎረቤት ሰው ወንዝ ቢያሻግር ምን ይደንቃል? ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲያሻግር ነው የሚያምረው።

ደግሞ የፖርቹጋሎቹ ብርታት! የፖርቹጋሉ አዛዥ የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ምጽዋ የወረዱት በ1533 ዓ.ም. ነው። የግራኝ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን ያቃጠለው ከዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያንን ደግሞ አፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ከወጡ በኋላ ከአገር አስወጥተዋቸዋል። ስለዚህ ጉር ወንዝ ላይ ድልድይ ለመሥራት ከተባረሩ ከ250 ዓመት በላይ ቆይተው፣ ድንበር ላይ ማንም ሳያያቸው፣ ሰላሌ ድረስ መጥተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ የሥራ ፍቅር የት ይገኛል!

(የስሙ ምንጭ ጠፍቶን አይደለም። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ እሱም «ፖርቹጋል» ይባላል፣ ለእሱ ቢያንስ ዘመኑ ይቀራረባል። እኛ ግን ስሙን አውጥተን ቅስት ላለው ሁሉ እንደ ጠበል ረጨነው።)

የማልታውን፣ የግንቡን ማያያዣ፣ ታሪክማ ሳያደንቁ ማለፍ ነውር ነው። ድንጋዩን ያያያዘው የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው ይባላል። እስቲ እናስላው። የአንድ ሰጎን እንቁላል ቅርፊት 250 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሞላ ጎደል ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቃጠል ከክብደቱ 44 በመቶ ያህሉ በጋዝ መልክ ይተናል፣ የሚተርፈው ኖራ 140 ግራም ነው። አንድ ኩንታል ኖራ ለማግኘት ከ700 በላይ እንቁላል ከቆላ አሰባስቦ፣ በአጋሰስ ጭኖ፣ አንዱም ሳይሰበር ዳገቱን ማውጣት ያስፈልጋል። ሲደርስ ደግሞ ሊሰባበር ነው። ይህ ሁሉ የኖራ ድንጋይ ተደርድሮ የቆመበት ሸለቆ አፋፍ ላይ! እዚያው ፈልጦ፣ አቃጥሎ፣ በውኃ አብርዶ፣ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ማቡካት ለግንበኛ ክብር አይመጥንም መሰለን። የሰጎን እንቁላል እንኳ ትክክለኛ ቦታውን ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ይሰካል።

ቅስቱን ማቆምም ቀላል ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ድንጋዩን ከሥር ደግፎ የሚይዝ የእንጨት ካሳፎርማ ይሠራል፤ ጥርብ ድንጋይ ከግራና ከቀኝ እኩል እየወጣ ይደረደራል፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ከሄደ እንጨቱ ይጣመማል። መሐል ላይ ቁልፉ ድንጋይ ሲገባ ክብደቱ ወደ ጎን ተገፍቶ ዳርና ዳር ባሉት እግሮች ላይ ያርፋል። እንጨቱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የኖራ ማልታ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ፣ በወራትና በዓመታት ነውና ቸኩሎ ያነሣ ግንበኛ ድልድዩን ወንዝ ውስጥ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ የሠራው ጠራቢ ስሙ ሳይነሣ መቅረቱ ትሕትናችን ነው።

ስም የሚጽፍ ግን አልጠፋም። ጎብኚው በምስማር «እገሌ ከእገሊት» ብሎ ልብ ስሎ ይሄዳል። ምስማሩ በኖራው ላይ በከፈተው ጭረት ዝናብ ይገባል፣ በስንጥቁ የሾላ ዘር ይበቅላል፣ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ፍቅር ማለት እንዲህ ነው! ያኔ አንድ ተቆርቋሪ ሲሚንቶ ይዞ ከደረሰ ምርቃቱ ሞላ፤ ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ ውኃውን አፍኖ ይይዛል፣ የሚላጠው ድንጋዩ ይሆናል።

ሣር የሚግጡትን ጭላዳዎች በብስኩት የምንጋብዝም እኛው ነን። ጭላዳ ከሚበላው አብዛኛው ሣር ነው፤ በጣቱ እየነጨ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሁለት ቅዳሜ ብስኩት ከቀመሰ ግን በሦስተኛው ቦርሳ ይፈትሻል። ይህንንም «ፖርቹጋሎቹ ያስለመዱት ነው» የሚል አስጎብኚ ሳይመጣ አይቀርም።

መሄጃው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው፤ ያኔ ውኃው ሞልቶ ፏፏቴው ከድልድዩ ሥር ይጮኻል። ድንጋዩ ያዳልጣልና ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያድርጉ። ራስ ዳርጌ ባሠሩት ላይ ተደላድለው ይቁሙ፣ ፎቶዎን ይነሡ፣ ከሥሩም ለፖርቹጋል ምስጋና ይጻፉ።