ማስተካከያ፦ የኤምካት ድጋሚ ፈተና የቀድሞውን ውጤት አይሰርዝም

ባለፈው ሳምንት፣ አሜሪካ ልጅ ላላቸው የደብረ ማርቆስ ወላጆች ብዬ በጻፍሁት ማስታወሻ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ የሆነውን ኤምካትን ደግሞ የተፈተነ ተማሪ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤቱ ይሰረዝለታል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አይሰረዝም። የወጡት ውጤቶች ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያሉ። ከፍተኛውን መያዝ፣ የመጨረሻውን ማየት ወይም ሁሉንም መመዘን የየትምህርት ቤቱ ፈንታ ነው።

ያረመችኝ ሜሪላንድ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ውጤቴ 494 እኮ እንዳለ ተቀምጧል» አለችኝ በስልክ። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ሰምታ «አራት መቶ ዘጠና አራት አምጥታ ነው እንዴ የምታለቅሰው?» ብላ ስኒዋን አስቀመጠች። አልፈርድባትም፤ እኔም ቁጥሩን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ኤምካት ከዜሮ አይጀምርም። ዝቅተኛው 472፣ ከፍተኛው 528 ነው። አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ118 እስከ 132 ይሰጣሉ። ስለዚህ 494 ማለት ከወለሉ 22 ነጥብ ብቻ ከፍ ማለት ነው፤ እንኳን ሊያስጨፍር መሐሉ 500 ላይም አይደርስም።

«እስኪሳካ ድረስ መፈተን ይቻላል» ያልሁትም ልክ አይደለም። በአንድ ዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው። ተመዝግቦ የቀረም፣ ተፈትኖ ሲያበቃ ውጤቱ እንዳይታረም የጠየቀም አንድ ጊዜ ይቆጠርበታል።