ስለ ኮኮ ደ ሜር ትንሽ ልጨምር

በሕንድ ውቅያኖስ ስላለው የሲሼልስ ደሴቶች ዘንባባ፣ ስለ ኮኮ ደ ሜር የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን ወሬው ሁሉ የፍሬው ግዝፈት ላይ ቀረ። ልክ ነው፣ እስከ 25 ኪሎ የሚደርስ ዘር ያለው ሌላ ተክል የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰዉ የተጠቀመበት መንገድ ነው። ዛፉ የሚበቅልባት የሲሼልሷ ፕራስሊን ደሴት ሰዎች በቅጠሉ ጣሪያ ይከድኑ ነበር። ቅርፊቱ ውሃ መቅጃና ሳህን ይሆናል። የለጋው ፍሬ ውስጥ እንደ ጄሊ ስለሆነ ይበላል።

ከሁሉ የምወደው የባሕሩን ታሪክ ነው። ድሮ ባዶው ቅርፊት እየተንሳፈፈ ማልዲቭስ ይደርስ ነበር። ዛፉን ያየ ስላልነበረ ከባሕር ሥር የበቀለ መሰላቸው። ስሙም ኮኮ ደ ሜር፣ ማለትም የባሕር ኮኮናት ሆኖ ቀረ። ኢራን የደረሰው ደግሞ የደርቪሾች፣ ማለትም ለምነው የሚኖሩ ሙስሊም መናንያን፣ የምጽዋት መለመኛ ዕቃ ሆነ። የኛን የቆሎ ተማሪ አኩፋዳ አስታወሰኝ።

እንግሊዛዊውን ጄኔራል ጎርደንንስ እንዴት ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ አፄ ዮሐንስን ያነጋገረው ሰውዬ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕራስሊንን አየና ኤደን ገነት ይህች ናት፣ የተከለከለውም ፍሬ ይሄው ነው ብሎ ቁጭ አለ። ፍሬው እስኪበስል ከ6 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ሔዋን ያን የሚያህል ነገር እንዴት አንስታ እንዳቀበለችው እንጃ!