ቀላሉ ሽጉጥ ሁሌ አይሻልም

ስለ ሽጉጥ አገዛዝ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ገንዘብ ያጠረው ሰው አጭሩንና ቀላሉን አምስት ጎራሽ ይግዛ» ማለቱ አላሳመነኝም። አፈሙዙ 2 ኢንች የሆነ የብረት ሪቮልቨር (ጥይት ቤቱ እየዞረ የሚተኩስ ሽጉጥ) 600 ግራም ገደማ ነው፤ የአሉሚኒየሙ ወደ 425 ይወርዳል። ለመያዝ ይመቻል፣ ሲተኮስ ግን እጅ ይመታል። ግፊቱ ያልተተኮሱትን ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ ወደ ፊት ስቦ ጥይት ቤቱ እንዳይዞር ሊያደርግም ይችላል። ለጀማሪ የብረቱ ይሻላል።

ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ ከፍታችሁ ባዶነቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ መዶሻውን (ከኋላ ሆኖ ጥይቱን የሚመታውን ክፍል) በዝግታ ሳቡ፤ መዶሻው ኋላ ደርሶ ሲይዝ ጥይት ቤቱ ቀጥ ብሎ ተቆልፎ መገኘት አለበት። አምስቱንም ቀዳዳ እንዲህ ፈትኑ። አንዱ እንኳ ሳይቆለፍ ከቀረ እርሳሱ በአፈሙዙ መግቢያ ጠርዝ እየተላጨ ይፈናጠራል፣ አጠገብ የቆመ ሰው ይጎዳል። በጥይት ቤቱና በአፈሙዙ መካከል ሁለት ተራ ወረቀት ቢገባ ደህና፤ አራት ከገባ፣ አብሽሩ፣ ሌላ ይገኛል፣ ተዉት።

38 ስፔሻል ጥይት በ357 ማግነም ሽጉጥ ይተኮሳል፤ ተቃራኒው ፈጽሞ አይሞከርም።

ከዋጋው ላይ ለአፎት አስተርፉ። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ቆዳ ይሁን፣ በጠንካራ ቀበቶ ይታሰር፤ ሽርጥ ክብደቱን አይችልም። ለደሴ ብርድ ጋቢው ይሸፍነዋል፤ ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ግን ላቡ ቶሎ ያዝገዋል፣ ማታ ማታ ከአፎቱ አውጥታችሁ በስስ ዘይት ጥረጉት።

ሳትከፍሉ በፊት ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሻጩ ፈቃድ ጋር አመሳክሩ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው።