ችግኙ አልራበውም

ማርች ሲገባ እዚህ ሜሪላንድ ብዙ የሐበሻ ቤት መስኮቱ በእርጎ ኩባያ ይሞላል። ባዶ ኩባያ፣ አፈር ገብቶበት፣ ቃሪያ ወይ ሚጥሚጣ ወይ የሐበሻ ጎመን ተዘርቶበት። ውጭው ገና ውርጭ ነው። ቃሪያ ደግሞ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ጥግ ወይም ኤልኢዲ መብራት ስር ማቆየት የግድ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፍና ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ። ምን ልስጠው?»

እኔ የምጣላው «ምን ልስጠው» ከምትለዋ ጥያቄ ጋር ነው።

ከየት እንደመጣች ይገባኛል። እኛ ሰው ፊቱ ገርጥቶ ካየን መጀመሪያ የምንጠይቀው በልቶ እንደሆነ ነው። እንግዳ እጁን ከማዕድ ሲሰበስብ «በሞቴ» እያልን እናጎርሳለን። ችግኝም ሲገረጣብን እጃችን ወደ ማዳበሪያው ይሄዳል፤ ማዳበሪያ ከሌለ ወደ ውሃው። ፍቅር ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን እንግዳ «በቃኝ» ማለት ይችላል። ችግኝ አፍ የለውም፣ የሰጡትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። በኔ ልምድ ቤት ውስጥ ከሚገረጡት ችግኞች አብዛኞቹ አልራባቸውም። ታፍነዋል።

መታፈን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ። ጤነኛ አፈር ውስጥ ብዙ ትንንሽ ክፍተት አለ። ሥር የሚተነፍሰው በነዚያ ክፍተቶች ባለው አየር ነው። ጠዋት ማታ ካጠጣን ክፍተቱ በውሃ ይሞላና ሥሩ ኦክስጅን ያጣል። ኦክስጅን ያጣ ሥር ውሃም ምግብም መሳብ ያቅተዋል፣ ቆይቶም ይበሰብሳል። እና አስቸጋሪው ነገር ይሄ ነው፦ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያለው ችግኝ ልክ ውሃ እንደጠማው ይጠወልጋል። እኛም ጠወለገ ብለን ደግመን እናጠጣዋለን።

ይሄንን ያወቅኩት ከ24 የሚጥሚጣ ችግኝ አብዛኛውን ገድዬ ነው ማለት እችላለሁ። ዘሩን ከደረቀ ሚጥሚጣ አወጣሁ፣ በደንብ በቀለልኝ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የታችኛው ቅጠል መገርጣት ጀመረ። ሱቅ ሄጄ ፈሳሽ ማዳበሪያ ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ ለትልቅ ተክል የተጻፈውን መጠን ሳልቀንስ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተጠቀለለ። አንዱን ከነአፈሩ ገልብጬ አወጣሁት። ሥሩ ነጭ መሆን ነበረበት። ቡናማ ነበር፣ ሲነኩት ላዩ እንደ ልጣጭ ተገፎ ውስጡ እንደ ክር ይቀራል። አፈሩ የቆመ ውሃ፣ የቆመ ውሃ ይሸታል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያ ሥር መጠጣት አቅቶት ሳለ እኔ ጨው ጨመርኩበት። ማዳበሪያ እኮ ጨው ነው፣ ሲበዛ ውሃን ከሥሩ ይነጥቃል። ከ24ቱ የተረፉት አምስት ናቸው።

ስለዚህ ቢጫ ስታዩ መጀመሪያ ኩባያውን አንሱት። አዎ፣ በእጃችሁ አንሱት። የጠጣ ኩባያ ከባድ ነው፣ የደረቀ ኩባያ ቀላል ነው፣ በሳምንት ውስጥ እጃችሁ ልዩነቱን ይለምደዋል። ከከበደ አታጠጡ፣ ነገም ከከበደ ነገም አታጠጡ። ቀጥሎ ገልብጡና ታችውን እዩት። ቀዳዳ አለው? የእርጎ ኩባያ ቀዳዳ የለውም፤ ሚስማር አግሎ ሦስት አራት ቦታ መብሳት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አንዳንድ ሰው ቀዳዳ ከመብሳት ይልቅ ከታች ጠጠር ያደርጋል። አይሠራም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ እንዲያውም ወደ ሥሩ ይበልጥ ይቀርባል። እኔ አሁን የማጠጣው ከታች ነው፦ ኩባያዎቹን ውሃ ያለበት ትሪ ላይ ለ20 ደቂቃ አስቀምጣለሁ፣ የፈለጉትን ያህል ይስባሉ፣ ከዚያ የተረፈውን እደፋለሁ። የተረፈውን መድፋት አይረሳ።

አፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ብድግ ብድግ ሲሉ ካያችሁ ያው ምልክት ነው። ዝንቦቹ ራሳቸው ምንም አያደርጉም። እጫቸው ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ለጋውን ሥር ይበላል። የአፈሩ ላይኛው ክፍል ሲደርቅ እጩ አይኖርም፣ ቢጫው የሚያጣብቅ ወረቀት ደግሞ ትልልቆቹን ይይዛል። መርዝ መርጨት አያስፈልግም። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥኖ ክር መስሎ ችግኙ በአንድ ሌሊት ከወደቀ ግን ፈንገስ ነው፣ እሱን ማዳን አይቻልም። ከጎረቤቶቹ አርቃችሁ ጣሉት።

እሺ፣ አፈሩ እርጥብ አይደለም፣ ቀዳዳም አለው፣ ግን ቢጫ ነው። አሁን ጥያቄው የትኛው ቅጠል ነው የሚለው ነው። እኔ ፎቶ ሲላክልኝ ሁሌ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ ሰው ግን «ቅጠሉ» ብቻ ይለኛል።

ከሁሉም በታች ያሉት፣ ዘሩ ሲፈነዳ መጀመሪያ የወጡት ሁለቱ ለስላሳ ቅጠሎች ከሆኑ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። እነሱ የስንቅ ቅጠል ናቸው። ዘሩ ውስጥ የነበረውን ስንቅ ይዘው ይወጣሉ፣ እውነተኞቹ ቅጠሎች ሲያድጉ ሥራቸውን ጨርሰው ይገረጡና ይረግፋሉ። በነዚህ ሁለት ቅጠሎች ተደናግጦ ስንቱ ሰው ጤነኛ ችግኝ በማዳበሪያ እንዳቃጠለ ሳስብ እናደዳለሁ።

ከስንቅ ቅጠሉ በላይ ያሉት የታችኞቹ እውነተኛ ቅጠሎች ሙሉ ለሙሉ ከገረጡና ከላይ ያለው ቡቃያ አረንጓዴ ከሆነ፣ ያኔ ናይትሮጅን አንሶታል ማለት ይቻላል። ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፣ እናት ከአፏ ነጥላ ለልጇ እንደምታጎርሰው። ስለዚህ የሚገረጣው ታችኛው ነው። ማግኒዚየም ሲያንስም የሚጎዳው የታችኛው ቅጠል ነው፣ ግን መልኩ ይለያል፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀርና በጅማቶቹ መሃል ያለው ብቻ ይገረጣል። ብረት ግን እንደነዚህ አይዘዋወርም። አንዴ አሮጌው ቅጠል ውስጥ ከገባ ተክሉ አውጥቶ ለአዲሱ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ብረት ያጣ ችግኝ የሚገረጣው ከላይ፣ አዲሱ ቅጠል ላይ ነው፤ ጅማቱ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይታያል።

እና ብረት ያጣው ስለሌለ ላይሆን ይችላል። አፈሩ ውስጥ ብረት እያለ ውሃችሁ ኖራ ከበዛበት የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7 በላይ ይወጣና ብረቱ ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይቆለፋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። ወር ያህል የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ውሃ ሰጥታችሁ አዲሱ ቅጠል እንዴት እንደሚወጣ ማየት ብዙ ጠርሙስ ከመግዛት ይሻላል። እርጥብ አፈርም ራሱ ይሄን መልክ ሊያመጣ ይችላል፣ የታፈነ ሥር ብረት መሳብ ስለሚያቅተው። ይሄው ተመልሰን ውሃው ጋ መጣን።

ብርሃንና ብርድም አሉ። መብራቱ በጣም ቀርቦ ከሆነ የሚነጣው ለመብራቱ የቀረበው ቅጠል ብቻ ነው፣ ከፍ አድርጉት። ብርሃን ካነሰ ችግኙ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ መልኩም ይደበዝዛል። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበቃዋል፣ ሌሊት አጥፉለት። መስኮት ላይ ያለ ቃሪያ ደግሞ ሌሊት ከመስታወቱ የሚመጣው ብርድ ሥሩን ያደነዝዘዋል። ቃሪያ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚወድ ነው፣ ከ15 ሲወርድ እድገቱ ቀጥ ይላል። ማታ ማታ ከመስኮቱ አንሱት፣ አለቀ።

ማዳበሪያ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። በከረጢት የምንገዛው የዘር ማብቀያ አፈር አብዛኛው ፒት (ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ የተክል ብስባሽ) እና ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ ድንጋይ) ነው፣ ምግብ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እውነተኛ ቅጠል ሁለት ጥንድ ካወጣ በኋላ ችግኙ የምር ይርበዋል። ያኔ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ሩብ ብቻ በውሃ በጥብጣችሁ በሳምንት አንዴ ስጡት፣ እሱም አፈሩ ትንሽ ረጠብ ሲል እንጂ ድርቅ ብሎ እያለ አይደለም። አብዝታችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ንጹህ ውሃ ከላይ በብዛት አፍስሳችሁ ጨው ጨው የሆነው ሁሉ ከታች እስኪወጣ አጥቡት፣ ከዚያ ኩባያው እስኪቀል ድረስ ጨርሶ አትንኩት።

አዲስ አበባ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቲማቲም የምታበቅል እህት አለችኝ። አንድ ዘመድ ከገጠር ዩሪያ አመጣላት። አንድ የሻይ ማንኪያ በአራት ችግኝ ላይ ነሰነሰች፣ ሰው ማሳ ላይ ሲበትን አይታለች። በሁለተኛው ቀን ደውላ «ጠበሱ» አለችኝ። ዩሪያ እኮ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለማሳ የተሠራ ነው፣ በሰፊ መሬት ላይ ተበትኖ በዝናብ የሚሟሟ፤ ኩባያ ውስጥ የት ይሂድ? ያልበሰለ የዶሮ ኩስም እንደዚያው ያቃጥላል። የችግኝ ጣቢያ ሰዎች ሲሠሩ ካያችሁ የሚያዘጋጁት አፈሩን ነው፦ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። ኮምፖስቱ ይመግባል፣ አሸዋው ውሃውን ያሳልፋል። በዚህ የተጀመረ ችግኝ ለብዙ ሳምንት ሌላ ነገር አይጠይቃችሁም።

አሁን ምክር ለምንሰጠው ለኛ። አንድ ደብዛዛ ፎቶ በቴሌግራም ይላካል፣ ከሥሩ ሃያ ሰው ይጽፋል። «ናይትሮጅን ነው»፣ «የእንቁላል ቅርፊት አድርጊበት»፣ «የቡና አተላ ጨምሪ»። አንድም ሰው ስንት ቀኑ ነው ብሎ አይጠይቅም። ቀዳዳ አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጠያቂዋም ሁሉንም በአንድ ቀን ትሞክራለች፣ ችግኙ ይሞታል፣ «ለኔ እጅ አይሆንም» ብላ ትተወዋለች። ሰውን ከአትክልት የምናርቀው እኛ ነን። የእንቁላል ቅርፊት እስኪበሰብስ ወራት ይፈጃል፣ ለሦስት ሳምንት ችግኝ ምን ይጠቅማል? የቡና አተላ ደግሞ ላዩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዝበታል። ባናውቅ ዝም እንበል፣ ወይም እንጠይቅ። ከመለስንም አንድ ነገር ብቻ እንንገራት፣ እሱን ሳምንት ሞክራ ካልሆነ ሌላውን። አምስት ነገር አንዴ ከቀየረች የትኛው እንደረዳትና የትኛው እንደጎዳት በምን ታውቃለች?

ባለፈው ወር እኛው ሕንጻ ላይ ያሉ አንዲት እናት ጠሩኝ። ስምንት ኩባያ ቃሪያ፣ ሁሉም ገርጥቷል። አንዱን አነሳሁት፣ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ከሥሩ ያለው ሳህን ውሃ ሞልቶበታል። «እማማ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚያጠጡት?» አልኳቸው። «ባየሁት ቁጥር ነዋ ልጄ፣ አሳዘነኝ» አሉኝ። ውሃውን ደፋሁ፣ ኩባያዎቹን በሚስማር በሳሁ፣ ጋዜጣ ላይ ደረደርኳቸው። ስድስት ቀን ምንም እንዳይነኩ ለመንኳቸው። በአራተኛው ቀን ደውለው «ትንሽ ብቻ ልስጠው?» አሉ። «እባክዎ፣ አይሆንም» አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ወርጄ አየሁት። የታችኞቹ ቅጠሎች እንደገረጡ ናቸው፣ አንዴ የገረጣ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። መሃሉ ላይ ግን የጥፍር ያህል ሁለት አዲስ ቅጠል ወጥቷል፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቢጫውን ልቁረጠው?» አሉኝ።

«ይተዉት፣ ራሱ ይወድቃል» አልኳቸው።