አሳድገን ለጎረቤት መስጠት እስከ መቼ?

የዋሽንግተን ዲሲው ቤዝቦል ክለብ የናሽናልስ ደጋፊ ነኝ። ፊላደልፊያ ሆም ራን (ኳሷን ከአጥር በላይ የሚያሻግር ምት) በመታ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። የሚመታው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የእኛ የነበረ ልጅ ነዋ! ብራይስ ሃርፐር የእኛ ነበር። ትሬ ተርነር የእኛ ነበር። ካይል ሽዋርበር እንኳን በ2021 ለጥቂት ወራት የእኛን ማሊያ ለብሶ ነበር፤ በ2025 ለፊላደልፊያ 56 ሆም ራን መታ። ወደ ኒውዮርክ ዞር ስትሉ ደግሞ ሁዋን ሶቶ ሜትስ ቤት ተቀምጧል። ሁለቱም ክለቦች እኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። በየዓመቱ ደጋግመው ይመጡብናል። እኛም በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ልጆቻችን ስንቀጣ ቁጭ ብለን እናያለን።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሀበሾች ብዙዎቻችን ቅዳሜ ጠዋት የምንነሳው ለአርሴናልና ለማንቸስተር ነው። የቤዝቦል ወሬ ሳነሳ ጓደኞቼ ወዲያው ርዕስ ይቀይራሉ። ስለዚህ ዛሬ ብሶቴን እዚህ ልተንፍስ።

እኔ ቤዝቦልን የለመድኩት በመኪና ሬዲዮ ነው። ማታ ማታ እነዳለሁ። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጃግለር ጨዋታውን ያስተላልፋሉ። መጀመሪያ የዱላው ድምፅ ጧ ይላል። ከዚያ የሕዝቡ ጩኸት ይነሳል፣ ከዚያ የስሎውስ ድምፅ ከፍ ይላል። ኳሱ የት እንደደረሰ ገና ሳይነግረኝ ከድምፁ አውቀዋለሁ። አንዴ ከለመዱት መተው አይቻልም።

ለማታውቁት ስለ ድራፍት ባጭሩ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ክለቦች ከሃይስኩልና ከኮሌጅ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። 20 ዙር አለው። የተሸነፈ ክለብ በአብዛኛው ቀድሞ ይመርጣል። እንደ እግር ኳስ ወደ ታች መውረድ የለም። የተመረጠው ልጅ ግን በማግስቱ ዋናው ቡድን አይገባም። የእኛዎቹ መጀመሪያ ፍሬድሪክስበርግ፣ ከዚያ ዊልሚንግተን፣ ከዚያ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ ሮቼስተር እያሉ ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ዓመታት ይፈጃል። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

እኛ እንግዲህ በዚህ ተስፋ ላይ የምንኖር ደጋፊዎች ነን። በ2019 ዋንጫ በላን። ዓመቱን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምረን፣ ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ፣ አራቱንም ድል በእነሱ ሜዳ አግኝተን ዋንጫ በላን። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ዓመት ካሸነፍነው የተሸነፍነው ሳይበልጥ አልቀረም። በ2022 107 ጨዋታ ተሸነፍን። በ2025 96። በየዓመቱ የሚነገረን ደግሞ ያው ነው፦ «ታገሱ፣ ልጆቹ እየመጡ ነው።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

እሺ፣ እንታገስ። ትዕግስት አያቅተንም። ግን ልጁ መጥቶ፣ አድጎ፣ ኮከብ ሲሆን ምን ይደረጋል? የኔ ጥያቄ እሱ ነው።

ሶቶን እንውሰድ። ሶቶ በድራፍት የመጣ አይደለም። በ2015 ገና ልጅ እያለ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ገባ። በ21 ዓመቱ ዋንጫ አነሳ። በ2022 ክለቡ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበለት። ቁጥሩ ሲሰማ ያስደነግጣል። ለ15 ስታካፍሉት ግን በዓመት 29 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያው ጊዜ የእኛው የነበረው ማክስ ሸርዘር ሜትስ ውስጥ በዓመት 43 ሚሊዮን ያገኝ ነበር። ሶቶ እምቢ አለ። ኦገስት 2 ቀን 2022 ለሳንዲያጎ ተላለፈ። ዕድሜው ገና 23 ነበር። ከክለቡ ነፃ ሆኖ ወደፈለገበት ለመሄድ ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር! በ2024 መጨረሻ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ለልጄ የገዛሁት 22 ቁጥር ማሊያ አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ሜትስ ዲሲ ሲመጣ ይልበሰው አይልበሰው ግራ ገብቶታል።

ሶቶ በተሸጠበት ቀን ዋዜማ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኦገስት 1 ቀን አትላንታ ኦስቲን ራይሊን ለ10 ዓመት በ212 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በ2015 ድራፍት ራሳቸው የመረጡት፣ ራሳቸው ያሳደጉት ልጅ ነው። ከእሱ በፊት በ2019 ሮናልድ አኩኛን በ21 ዓመቱ ለስምንት ዓመት በ100 ሚሊዮን ይዘውታል። ከራይሊ ሁለት ሳምንት በኋላ ማይክል ሃሪስን ጨመሩ። አትላንታም ምድባችን ውስጥ ነው። አንዱ ልጁን ቀድሞ ሲይዝ ሌላው በማግስቱ ይሸጣል። ይሄን እያየ የማይበሳጭ ደጋፊ ካለ ይንገረኝ።

ፍትሐዊ ልሁን። በሶቶ ልዋጭ ከሳንዲያጎ የመጡት ልጆች ቀላል አይደሉም። ጄምስ ዉድ፣ ሲጄ አብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ሮበርት ሃሰል፣ ሃርሊን ሱሳና መጡ። ዉድ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያደገ፣ ዲሲ ሃይስኩል የተማረ የሰፈር ልጅ ነው። በ2025 31 ሆም ራን መታ። ጁን ላይ ከሎስ አንጀለሱ ኤንጅልስ ጋር ስንጫወት ምቱን ፈርተው በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ አሳለፉት። ከሆም ራን ባለ ሪከርዱ ከባሪ ቦንድስ በኋላ እንዲህ የተፈራ አልነበረም። ኳሱን ስቶ የወጣበት ጊዜ (ስትራይክ አውት) 221 መድረሱ እውነት ነው፣ በዝቷል። ግን ገና 22 ዓመቱ ነበር። ይስተካከላል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዉድን፣ አብራምስን፣ ጎርን፣ ሃሰልን በድራፍት የመረጠው ማነው? ሳንዲያጎ! በ2025 የቡድናችን ምሰሶዎች የነበሩት የሌላ ክለብ ዓይን ያያቸው ልጆች ናቸው። የእኛ ዓይን የት ነበር? በ2009 ስትራስበርግን፣ በ2010 ሃርፐርን መርጠናል። እነሱን ማንም አይስትም ነበር። በ2011 ሬንዶንን በስድስተኛ ተራ አገኘን። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ ዙር ከመረጥናቸው ውስጥ እስካሁን እዚህ ኮከብ የሆነ የለም። ጂዮሊቶን ገና ሳይበስል ለቺካጎ ሰጠነው፤ እዚያ ሄዶ የሊጉ ምርጦች ቡድን (ኦልስታር) ውስጥ ገባ። ኪቡም የሬንዶንን ቦታ ይተካል ተብሎ አልሆነለትም። በ2018 የመረጥነው ዴናበርግ ጉዳት ተደራርቦበት ዋናው ሊግ ሳይደርስ ቀረ። ካቫሊ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ሁለት ዓመት ከምናምን አጣነው። በ2022 በአምስተኛ ተራ የመረጥነው ኢላይጃ ግሪን ጉልበቱ ያስፈራል፣ ግን ኳሱን ማግኘት አቅቶታል። ልጆቹን አልወቅስም። በ18 ዓመታቸው ሚሊዮን ዶላርና የሰው ሁሉ ዓይን የተጫነባቸው ናቸው። የሚያሳድጋቸው አካል ግን ይወቀሳል።

ዕድልም ደግሞ አልቀናንም። በ2022 107 ጊዜ ስንሸነፍ ከሊጉ መጨረሻ ነበርን። በድሮው ሕግ ቢሆን በ2023 አንደኛ መራጮች እኛ ነበርን። የመጀመሪያዎቹን ተራዎች በዕጣ የሚወስነው ሎተሪ የሚባለው ነገር የተጀመረው ልክ በዚያ ዓመት ነው። ፒትስበርግ አንደኛ ወጣና ፖል ስኪንስን ወሰደ። እኛ በሁለተኛነት የስኪንስን የኮሌጅ ጓደኛ ዲላን ክሩስን ወሰድን። ስኪንስ በ2024 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ፣ በ2025 ደግሞ የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ተሸላሚ ሆነ። ክሩስ በ2025 የመምታት አማካዩ .208 ብቻ ነበር። በክሩስ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ሩጫውና መከላከሉ ያስደስተኛል። ግን ያማል።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሎተሪው ወጣልን። ሆኖም ሕጉ «ለሌሎች ገንዘብ የሚያዋጣ ክለብ ሁለት ዓመት ተከታታይ ሎተሪ ውስጥ አይገባም» ስለሚል አሥረኛ ተደረግን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሊጉ እኛን የሚቆጥረን ከሀብታሞቹ ተርታ ነው። የአሜሪካ ዋና ከተማ ክለብ ነን። የእኛ ባለቤቶች ግን ገንዘብ የሚያወጡት እንደ ትንሽ ከተማ ክለብ ነው። ስንቀጣ እንደ ሀብታም፣ ስንገዛ እንደ ድሃ። ይሄ የደጋፊ ዕዳ ሊሆን አይገባም!

ለምን እንደፈሩ ይገባኛል። ከ2019 ዋንጫ በኋላ ወርዋሪውን ስትራስበርግን በ245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፤ ከዚያ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ሰውነቱ አልቻለም። በ2024 ጡረታ ወጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ውል ሲባል ይሸሻሉ። ሬንዶንንም አለማስቀረታቸው ልክ ነበር፤ ኤንጅልስ ሄዶ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ግን የአንድ ሰው ጉዳት ሌላውን ሁሉ አያስቀጣም። ከአዲሱ ትውልድ ቀድመው በረጅም ውል የያዙት አንድ ኬይበርት ሩይዝን ብቻ ነው፤ ስምንት ዓመት፣ 50 ሚሊዮን።

በ2025 ሎተሪው እንደገና ወጣልን። ያው ሕግ በዚህኛው ጊዜ 121 ጨዋታ የተሸነፈውን ቺካጎ ኋይት ሶክስን አገደልን። ድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው የክለቡን ኃላፊ ማይክ ሪዞንና አሠልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን አባረሩ። እንግዲህ የድራፍቱን አንደኛ ምርጫ ሊመርጡ ሳምንት ሲቀራቸው! ጁላይ 13 ኢላይ ዊሊትስን መረጡ። ያኔ የ17 ዓመት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ነበር፣ ከኦክላሆማ ትንሽ ከተማ። አባቱ ሬጂ ለኤንጅልስ ተጫውቷል። በ2026 መመረቅ ሲገባው ትምህርቱን አንድ ዓመት ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ነው። የብዙዎቻችን ልብ የነበረው ኢታን ሆሊዴይ ወይም ወርዋሪው ኬድ አንደርሰን ላይ ነበር። ለአንደኛ ተመራጭ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተመደበ ሲሆን ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። የተረፈውን ለቀጣይ ዙር ልጆች አዋሉት። «ርካሽ ፍለጋ ነው» ብለው የተሳደቡ አሉ።

እኔ አልሳደብም። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሁለቱም እጅ ይመታል። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ መጥፎ ኳስ አያሳድድም። እጁ ለስላሳ ነው። እንደ ሆሊዴይ ሰማይ የሚያስነካ ጉልበት የለውም። ሾርትስቶፕ ሆኖ የሚቆይ ልጅ ግን በቀላሉ አይገኝም። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይሄ ልጅ እንዳሰቡት ቢሆንስ? በ2031 ልክ ሶቶ በተሸጠበት ዕድሜ ላይ ይሆናል። ያኔስ?

የድራፍት ተራ ብቻውን እንደማይወስን በ2025 ሴፕቴምበር ላይ ኒውዮርክ ውስጥ አየነው። ሜትስ ፕሌይኦፍ (የዓመቱ መጨረሻ የዋንጫ ፍልሚያ) ለመግባት ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ነበሩ። በ11ኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ዴይለን ላይል ኳሷን መታና ሳትወጣ አራቱንም ቤዝ ሮጦ ጨረሰ። አሸነፍን። ላይል በ2021 በሁለተኛ ዙር የተመረጠ ነው፤ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በማግስቱ ጄኮብ ያንግ ወደ ኋላ ሮጦ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ኳሷ ከጓንቱ አመለጠች። መሬት ሳትነካ በእግሩ መታትና ወደ ላይ ተነሳች፣ ከዚያ ያዛት። ለኳስ ወዳዶቹ ጓደኞቼ ቪዲዮውን ላኩላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤዝቦል ጥያቄ ጠየቁኝ። በዚያው ጨዋታ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ደግሞ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሆም ራን ነጠቃቸው። 3 ለ 2 አሸነፍን። ያንግ የተመረጠው በሰባተኛ ዙር ነው። ሜትስ ከነሶቶው ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ። ያን ማታ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ስለዚህ ልጅ የለንም አትበሉን። አለን። አሁን ፖል ቶቦኒ ከቦስተን መጥቶ የሪዞን ቢሮ ይዟል። ብሌክ ቡቴራ በ33 ዓመቱ አሠልጣኝ ሆኗል። አዲስ ሰው ሲመጣ የሚለውን እናውቃለን፤ ስካውቶች እንጨምራለን፣ የልጆች ማሳደጊያውን እናሻሽላለን ይላል። ያድርግ፣ ግዴታውም ነው። ግን ቼክ የሚፈርሙት ባለቤቶቹ ናቸው። ዉድ እስከ 2030 በእጃቸው ነው። የሶቶን ያህል ዋጋ ሳይጠይቅ፣ ዛሬ፣ አሁን፣ ቁጭ ብለው ያናግሩት። አትላንታ አኩኛን ሲይዝ የጠበቀው ነገር አልነበረም። እምቢ ካለ ጨምሩለት። አሁንም እምቢ ካለ እንደገና ጨምሩለት። ብቻ እሱንም ሸጣችሁ «ሦስት ጥሩ ታዳጊ በልዋጭ አግኝተናል» የሚል ዜና እንዳታሰሙን።